የመሰረት ራጅ

ጥቅምት 8 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ አሰላ

ይህን ደብተር ያወጣሁት ለትምህርት ዕቅድ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «አራተኛ ክፍል፣ ኅብረተሰብ» የሚል አርእስት አለ፤ ከሥሩ ምንም የለም። ዛሬ ከሆስፒታል ስመለስ ለማን እንደማወራ ጠፋኝ። ፍሰሐ ያለው አርቦዬ ነው። ግብርና ለመንደር ምሥረታው ከላከው ጀምሮ ባሌን የማየው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ጎረቤቴ ራቢያ ገበያ ወጥታለች። መሰረት ደግሞ ገና አምስት ወሯ ነው፤ ብነግራት ትስቅብኛለች።

ዶክተሩ ሜትር አውጥቶ ራሷን ለካ። እንደገና ለካ። ያለፈው ወር ከተጻፈው ጋር አስተያየና «ራሷ ትንሽ ፈጥኖብናል» አለኝ። ምናልባት ውስጡ ውሃ ቋጥሮ ይሆናል፣ ምናልባትም ምንም አይደለም፤ ለማወቅ ራጅ መነሣት አለባት።

«ታዲያ ትነሣ» አልኩ። ሞከሩ። ቀዝቃዛው ጠረጴዛ ላይ ስናስተኛት ሦስት ሰው ይዘናት ተወራጨች። የራጅ ባለሙያው ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «ጭስ ነው ያነሣሁት» አለ። ደገመ። ያው ጭስ።

አዲስ አበባ ትሂድ ተባለ። እዚያ ውስጡን አጥርቶ የሚያሳይ ማሽን አለ አሉ። ግን ብዙ ስለሚያቆይ ሕፃን በመድኃኒት ይተኛል። «በመድኃኒት» ካለኝ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም።

ጥቅምት 9

በመድኃኒት! ምን ያህል ነው የሚሰጧት? መዝነዋት ነው? ብትተኛና በዚያው ብትቀርስ? ይህን ሁሉ ትናንት መጠየቅ ነበረብኝ። ክፍል ውስጥ «ያልገባችሁን ጠይቁ» እያልኩ የምጮኸው እኔው ነኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተኝታ ሳለ ጉንጯን ነካ ነካ አድርጌ ቀሰቀስኳት። አለቀሰች። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 14

እማዬ ከሳጉሬ መጣች። ሰምታ ነው የመጣችው፤ እኔ አልላክሁባትም። አባዬ ከሞተ ወዲህ ከወንድሜ ከካሣዬ ጋር ናት፤ እርሻውንም ምራቶቿንም የምታዝዘው ግን እሷ ነች።

ይዛ የመጣችው በሶና ቅቤ እንደ ወትሮው በጨርቅ ተቋጥሯል። የእማዬን ቋጠሮ የሚፈታ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ልጅ ሆኜ ጥፍሬ ተሰብሯል፣ ጥርሴ ተነቃንቋል። ዛሬ ደግሞ ቸኩዬ ስለነበር መቀስ አንሥቼ ቆረጥኩት።

«ጨርቁን ገደልሽው!» ብላ ጮኸች። «ስንቴ ነገርኩሽ፣ አፀዴ፤ አጭሯን ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ከዚያ ሳብ አድርጊ። መምህርት ተብለሽ ቋጠሮ መፍታት ያቅትሽ?»

ከዚያ መሰረትን ታቅፋ ራሷን በመዳፏ ዳበሰቻት። «ይሄ የአባቷ ራስ ነው» አለች። «ፍሰሐ ሽማግሌዎቹን ይዞ የመጣ ዕለት ኮፍያውን ሲያወልቅ አይቼ ለካሣዬ ምን አልኩት? ይህን ራስ ይዞ በበራችን መግባቱ ይገርማል!»

እኔ ተቆጣሁ። «እማዬ፣ ሐኪም ያሰጋል ያለውን ነገር አንቺ ትቀልጂበታለሽ?»

ልጅቷን እሹሩሩ ማለት ጀመረች። መሰረት እቅፏ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ትንሽ ቆይቼ ልቀሰቅሳት እጄን ስዘረጋ እጄን መታችኝ። «የተኛች ልጅ ምን አድርጋሽ ነው?» አለች። ያኔ አለቀስኩ፤ መድኃኒቱን፣ ማሽኑን፣ የምፈራውን ሁሉ ነገርኳት። አቋረጠችኝ። «እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። ከመድኃኒቱ በፊት ጡት መከልከላቸው አይቀርም፤ የጠማት ልጅ ደግሞ የእናቷን ጡት እያሸተተች አትተኛም። እኔ ታቅፌ አስተኛታለሁ። አንቺ ውጭ ቆመሽ ታለቅሻለሽ። በቃ።»

ዛሬ ብዙ ጻፍኩ። ቀለል ብሎኛል።

ጥቅምት 16

እማዬ ሄደች። መናኸሪያ ስሸኛት፣ መኪናው ሊነሣ ሲል፣ «ቤቱ ሊፈርስ ነው» አለችኝ። እንዲህ ነች፤ ከባዱን ነገር ለመጨረሻ ታስቀምጠዋለች።

ገበሬ ሁሉ እንጨቱንና ሣሩን ተሸክሞ በመስመር ወደሚሠራው አዲሱ መንደር ይገባል። የካሣዬም ተራ ደርሷል። «አማቼ አርቦዬ ላይ የሰው ቤት ሲያፈርስ፣ እዚህ ደግሞ የእኛን ያፈርሱልናል» ብላ ሳቀች። ከኋላችን ሰው ነበር። ልብሷን ጎተት አደረግኋት። ይህንንም መጻፍ አልነበረብኝም።

ያ ቤት ግን! ፊደል የቆጠርኩት ግድግዳው ላይ ነው። አባዬ ነፋስ እንዳይገባ ጋዜጣ በጭቃ ለጥፎበት ነበር። ማንበብ ስለማይችል በእኔ መኝታ በኩል ያለውን ገጽ ገልብጦ ለጠፈው። እኔም ተኝቼ እያየሁ ፊደልን ተዘቅዝቆ ለመድኩ። ትምህርት ቤት ስገባ መምህሩ መጽሐፌን ያቃናልኛል፤ እኔ መልሼ እገለብጠዋለሁ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሣሩን ሲመታ እማዬ በጨለማ ስማችንን ትጠራ ነበር፤ «አቤት» ካልን ነቅተናል ማለት ነው፣ ዝም ካልን ተኝተናል። ሁላችንም ዝም ስንል ነው እሷ የምትተኛው። የገብሱ ነዶ ሲገባ ቤቱ የሚሸተው ሽታ አሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ዘንድሮ ገብሱ የት እንደሚገባ እንጃ።

ኅዳር 2

ቀጠሮ ተቆረጠ፤ ታኅሣሥ 7። ዛሬ ጥያቄዎቼን ይዤ ሄድኩ። ዶክተሩ አንድ በአንድ መለሰልኝ። መድኃኒቱ በክብደቷ ልክ ነው፤ ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። ከንጋት ጀምሮ ጡት አይሰጣትም፤ ሆዷ ባዶ ካልሆነ ተኝታ ሊያስመልሳትና ሊያንቃት ይችላል። አንድ ነርስ ከአጠገቧ አትለይም።

«ሁሉም ይነቃሉ?» አልኩት።

ካርዷን አጠፈ። «እኔ ያየኋቸው ሁሉ ነቅተዋል» አለኝ።

ያልሰጠኝን መልስ ነው ይዤ የመጣሁት።

ኅዳር 6

ቸኩያለሁ። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለ፤ ካልተገኘሁ የይለፍ ወረቀት የለም። ጉቱ ከሳጉሬ የእማዬን ቋጠሮ አመጣ። ሹፌር ሆኖ እንደሱ የሚለፈልፍ የለም። «አካም፣ መምህርት! እናትሽ አንቀልባ እየሰፋች ነው። ዛጎል ፍለጋ ገበያውን አመሰችው። የልጅ ልጄ አዲስ አበባ በፎጣ ታዝላ አትገባም አለች» ብሎ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀ። አንቀልባ በዚህ ዘመን! ሰው ምን ይለኛል? ግን ደስ ብሎኛል። ቋጠሮውን በመቀስ ቆረጥኩት።

ኅዳር 15

ፍሰሐ ሳይታሰብ መጣ። ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። መሰረትን አንሥቶ አቀፋት፣ ከዚያ እኔን አቀፈኝ፣ ብዙ ቆየ። ባሌ እንዲህ አይደለም፤ ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን ነው የሚያወልቀው።

«በሳጉሬ በኩል ዞሬ መጣሁ» አለኝ። አርቦዬ ወዲያ፣ ሳጉሬ ወዲህ! ይሄ ምን ዓይነት መዞር ነው?

«እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ትንሽ አሟቸዋል። ለአዲስ አበባው የሚችሉ አይመስለኝም።» ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚያወራው። ቀጥሎ ደግሞ «ወተት አለሽ?» አለኝ።

«ላም መሰልኩህ?» አልኩት። አልሳቀም።

ጉልበቷን! ሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ገበያ የምትወርድ ሴትዮ ለእኔ ሲሆን ጉልበቷን አመማት። ቃል ገብታልኝ ነበር።

ኅዳር 17

ራቢያ ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ ቀዳዳ መጥታ ከነእርጥብ ልብሱ አቀፈችኝ። ምን ሆነሻል ብላት «ምንም፣ እንዲያው» አለች። ሾርባ አመጣች። እስክጨርስ ቆማ አየችኝ። «ጠጪ እንጂ፣ ወተት ይሆንሻል።» ዛሬ ስለ ጡቴ የጠየቀኝ ስንተኛ ሰው እንደሆነች እንጃ።

ከሰዓት በኋላ መምህራኑ በሙሉ መጡ። ስኳር ይዘው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ማንም ስለ ትምህርት ቤት አላማም። ርዕሰ መምህሩ ጓድ ግዛቸው፣ ልጄን ተቅማጥ ሲይዛት ግማሽ ቀን የከለከለኝ ሰውዬ፣ «ለአዲስ አበባው የፈለግሽውን ያህል ቆዪ» አለኝ። ሲወጡ አንዷ መምህርት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ምን እያወቁ ነው?

ኅዳር 20

ሰማሁ። ራቢያና ፍሰሐ ጓሮ ቆመው ነበር፤ እኔ ያለሁ አልመሰላቸውም።

«ወላሂ፣ ዓይኗን ማየት አቃተኝ» ትላለች።

«ከራጁ በፊት አይሆንም» ይላል።

«እንዴት አድርጋ ልትችለው ነው?»

ከዚያ መሰረት አለቀሰችና ዝም አሉ።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። አባዬ የሞተ ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሲሬ አክስቴ ዘንድ ወሰዱኝ። አዲስ ቀሚስ ተገዛልኝ። ከረሜላ በየቀኑ። የአክስቴ ልጆች ተራቸውን ሁሉ ለቀቁልኝ፤ ገመድ ስዘል ስሳሳት እንኳ «ግዴለም፣ ቀጥይ» ይሉኝ ነበር። አባትሽ ለጉዳይ ሄዷል አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ተደስቼ አላውቅም፤ አሁንም ሲሬ ሲባል አፌ ላይ የሚመጣው የዚያ ከረሜላ ጣዕም ነው። ከዚያ አንድ ቀን ንጋት ላይ ቤቱ በነጠላ ሞላ። ሰው ሁሉ እንዲህ ደግ የሚሆንብን መርዶ ሲይዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዶክተሩ ለፍሰሐ ነግሮታል ማለት ነው። መሰረት አትተርፍም። ራጁ ለይስሙላ ነው።

ስፈራ ስፈራ ቆይቼ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «ዶክተሩ ስለ ልጄ ምን አለህ?»

«ምንም አላለኝም።»

«ማል።»

«መሰረት ትሙት!» አለ።

ደነገጥኩ። የምትሞት ልጅ ይዞ በእሷ ስም የሚምል አባት የለም። ፍሰሐ ደግሞ መዋሸት ሲፈልግ በእናቱ ነው የሚምለው። ታዲያ ምንድን ነው? ማሰብ ደከመኝ። መሰረትን አሥሬ ቀሰቀስኳት።

ኅዳር 25

የሳጉሬ ቋጠሮ መጣ። ጉቱ ከመሪው ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። «አካም» አላለኝም፣ አልለፈለፈም። «እናቴ ምን አለች?» ስለው «ሰዓት የለኝም» ብሎ ነዳው።

ቋጠሮው ተራ ቋጠሮ ነው። ገና ስነካው ተፈታ። ፍሰሐ «ካሣዬ አስሮት ይሆናል» አለ። ቅቤ ብቻ ነው ያለው። አንቀልባው የለም።

እንግዲህ ልጻፈው። እማዬ ድሮም ለካሣዬ ታደላለች። የእሱ ልጆች በአንቀልባዋ ታዝለው አደጉ፤ የእኔዋ ጊዜ ጉልበት፣ የእኔዋ ጊዜ ሥራ። አንድ ቃል እንኳ መላክ ምን አለበት? ካልመጣች ትቅር። እኔም አላለቅስም።

(ከሰዓት) ደግሞ ክፉ ነኝ። ቤቷ ላይዋ ላይ እየፈረሰ ነው። ምናልባት ሣሩን ሲያወርዱ ቆማ እያየች ይሆናል። የእኔን አንቀልባ የት አስቀምጣ ትስፋው?

ታኅሣሥ 5፣ አዲስ አበባ

ገባን። ከአሰላ ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ ሲጀምር ሹራቧን አወለቅኩላት። እዚህ ጋ ስንደርስ ነበር ድሮ እማዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጥላ «ይሄ አገር ነው ምድጃ?» ያለችው። ናዝሬት ልታስመረምረኝ ስትወስደኝ ነው፤ ዓይኔን ታምሜ። መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ አስተኝታ እጇን ዓይኔ ላይ ከድና ወሰደችኝ። የመዳፏ ሽታ ብቻ ነው የታየኝ። ዛሬ መሰረት ጭኔ ላይ ተኝታ እጄን ዓይኗ ላይ አደረግኩ። አሁንም ተቀይሜያታለሁ፤ ግን አጠገቤ ብትኖር ብዬ መንገዱን ሙሉ ተመኘሁ።

ያረፍነው የፍሰሐ ታላቅ እህት የሺሃረግ ቤት ነው። በሩን ስትከፍት ነጠላዋን የለቅሶ አጣፍታለች፣ ጥለቱ አንገቷ ላይ። እኔን ስታይ ቶሎ ገለበጠችው።

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«የጎረቤት ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ እቴ። ግቢ፣ ግቢ።» ከዚያ ወንበር ሳልይዝ «ወተት አለሽ?»

ታኅሣሥ 7

አግዳሚ ላይ ሆኜ። ገብታለች።

ከንጋት ጀምሮ አልጠባችም። አለቀሰች። ጡቴ ፈሰሰ፣ ቀሚሴ ራሰ። ፍሰሐ ነጥቆኝ ግቢው ውስጥ አዞራት።

ነርሷ «ተኝታለች» አለችኝ። ይህን ቃል ማን ፈጠረው?

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ያው ቀን፣ ማታ

ሁሉንም ልጻፈው፤ ለእማዬ የምነግራት ሳይረሳኝ።

ሽሮፑን በትንሽ ኩባያ ሰጧት። ርቧት ስለነበር ኩባያውን ልትበላው ደረሰች። እኔ ታቀፍኳት። አትተኛም፤ ጡቴን ታሸታለች፣ ትቆጣለች፣ ፊቷን ደረቴ ላይ ታሻለች። እማዬ ያለችው ትዝ አለኝ። ለፍሰሐ ሰጠሁትና ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እንዳለችውም አለቀስኩ። ካለችው አንድም አልጎደለም፣ እሷ ራሷ ብቻ።

በበሩ ቀዳዳ ሳይ የመሰረት እጅ ከፍሰሐ ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ይዛው የነበረውን ኮሌታ ለቀቀችው።

ወስደው በሩን ዘጉት። የጠበቅኩትን አልጽፈውም። ነርሷ ወጥታ ስታየኝ ምን እንዳሰበች እንጃ፤ «ነይ፣ ሆዷ ላይ እጅሽን አድርጊ» አለችኝ። ገባሁ። ትልቅ ማሽን፣ ትንሽ ልጅ። እጄን ሆዷ ላይ አደረግኩ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ነርሷ እግር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። «እናቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው» አለችኝ።

ሥራው አልቆም ቶሎ አልነቃችም። ስሟን ጠራሁ። እማዬ በጨለማ እንደምትጠራን ጠራኋት። መጀመሪያ ከንፈሯ ባዶውን ጠባ፣ ከዚያ ቅንድቧ ተሰበሰበ፣ ከዚያ አንድ ዓይኗ ተከፈተ። አኩርፋ ነው የነቃችው። ጮኸች! ጡቴን አወጣሁላት። አብራን የመጣችው የሺሃረግ «እሰይ፣ ወተቱ አለ፣ እሰይ» እያለች አጨበጨበች። ሲስተሮቹ ሳቁብን።

የአዲስ አበባው ዶክተር ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየን። አሁን ጭስ አይደለም። ውሃ የለም። የሚያስፈራ ነገር የለም። ከዚያ ፍሰሐን ትክ ብሎ አየውና «ቁጭ በል» አለው። ሜትሩን አውጥቶ ራሱን ለካ። ሳቀ። «ልጅቱ ምንም አልሆነችም። የአባቷን ራስ ነው የያዘችው» አለ።

እኔ ከት ብዬ ሳቅኩ። «እማዬ ብላን ነበር! ፍሴ፣ እማዬ ብላን ነበር እኮ!»

ፍሰሐ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ደስታ እንዲህ ያደርጋል።

ታኅሣሥ 9፣ አሰላ

ነገ በጠዋት ሳጉሬ እንሄዳለን ይላል ፍሰሐ። እኔም የፈለግኩት እሱን ነው። ለእማዬ የምላትን እያሰብኩ እስቃለሁ። መጀመሪያ ተኮሳትሬ እገባለሁ፤ ጉልበትሽ እንዴት ነው እላታለሁ። ትንሽ ትፈር። ከዚያ የሜትሩን ወሬ እነግራታለሁ፤ እሱን ሰምታ መንደሩን ሁሉ ትጠራለች። ስለ ካሣዬ የጻፍኩትን ልሰርዘው ነበር። ይቆይ፤ አንድ ቀን አነብላትና እንሳሳቃለን።

ታኅሣሥ 23፣ ሳጉሬ

ደብተሩን የከፈትኩት ዛሬ ነው።

ሳጉሬ ልንሄድ በነበረበት ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ገና እየነጋ ነበር። ፍሰሐ ልብሱን ለብሶ ቁጭ ብሏል። ራቢያ፣ ጓድ ግዛቸው፣ መምህራኑ፣ ጉቱ። ሁሉም ነጠላና ጋቢ። ከኋላቸው ካሣዬ፣ ራሱን ተላጭቶ። እኔ ወደ እነሱ አልሄድኩም። ወደ አልጋው ሮጥኩና እጄን መሰረት ሆድ ላይ አደረግኩ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

«ታዲያ ማን?» አልኩ።

ካሣዬ «አፀዴ» አለ። እንደ እማዬ አድርጎ ጠራኝ።

ከዚያ በኋላ የጮኽኩትን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ራቢያ መሰረትን አምጥታ እላዬ ላይ ማድረጓን ነው። «አጥቢያት። መጀመሪያ አጥቢያት፣ ከዚያ እናለቅሳለን።» ጡቴን ራሷ አወጣችው። መሰረት ሳበች። መጣ። ራቢያ ያን ጊዜ ነው «አላህ!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ ያለችው።

ኅዳር 12 ነበር ያረፈችው። ሳንባዋን ነው፤ ከተኛች ሳምንት አልሞላትም። ካሣዬ ሊልክብኝ ሲል አስምላ ከለከለችው። «ልጅቷ በመድኃኒቱ ተኝታ ሳትነቃ ለአፀደ እንዳትነግሯት። ጡቷ ይደርቅባታል፣ ልጅቷ ትጎዳለች» አለች። ጉልበቷን አመማት በሉ ያለችውም እሷ ናት። ስትቆጣብኝ ትቆይ ብላ ሳቀች አለ ካሣዬ። ትቆጣብኝ! አውቃኝ ነው።

አፈር ሲጫንባት አልነበርኩም። ይህን ይቅር የምል አይመስለኝም፤ ለፍሰሐም፣ ለራቢያም፣ ለእሷም። ሠልስቷ ያለፈው እኔ ስለ ጉልበቷ እያማኋት ነው። ደግሞ መሰረት ጡቴን ይዛ ስትተኛ፣ በዚያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ማሰቡን አልጨርሰውም።

አርባዋ ትናንት ወጣ። ዛሬ ካሣዬ አዲሱ መንደር ውስጥ ካለው ቤት፣ ገና ጭቃው ካልደረቀው፣ አንድ ቋጠሮ አወጣልኝ። «የአዲስ አበባው ነው። ሰፍታ ጨርሳው ነበር። ይህን ብንልክልሽ ትጠረጥሪያለሽ ብለን አስቀረነው።» እጄ ላይ ስይዘው ዛጎሎቹ በጨርቁ ውስጥ ተንሿሹ። ቋጠሮው የእሷ ነው።

«መቀስ ላምጣልሽ?» አለኝ።

«ተው» አልኩት። ቁጭ ብዬ አጭሯን ጫፍ ፈለግኩ። ወደ ውስጥ ገፋሁ፣ ከዚያ ሳብኩ። ወዲያው ተፈታ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

መሰረትን በአንቀልባው አዝዬ የድሮው ቤታችን ወደነበረበት ወጣሁ። ክብ መሬት ነው የቀረው፣ ሣር ያልበቀለበት። የእኔ መኝታ የት ጋ እንደነበር ፈልጌ ቆምኩ። ገብሱ ታጭዶ ሜዳው ላይ ተከምሯል፤ ሽታው ያው ነው። ለመሰረት ግድግዳው እዚህ ነበር፣ ጋዜጣው እዚህ ነበር እያልኩ ነገርኳት። ከዚያ ስሟን ጠራሁ። ዝም አለች፤ እንቅልፍ ወስዷታል።

አልቀሰቀስኳትም።